ሙዝ ሙዝ የሚሸት ውሻ

«የታለ ውሻው? በል ለአክስትህ አሳያት!»

እናት ሦስት የሥዕል ካርዶች ምንጣፉ ላይ ደረደረች፤ ኳስ፣ ወፍ፣ ውሻ። ዓመት ያልሞላው ድቡሼ ግራ ቀኝ ሳያይ እየዳኸ ሄዶ ውሻውን አፈፍ አደረገ። የእናት ልብ ቅቤ ጠጣ።

«አየሽልኝ? ጥርሱን እንኳ አብቅሎ ሳይጨርስ!» አለች ለእህቷ።

የድቡሼ እህት ቀጮ ግን፣ የሰባተኛ ክፍሏ ተማሪ፣ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። የውሻውን ካርድ በሙዝ ያሸችው እሷ ናት።

ክፋት አስባ አይደለም። የእናት የሥራ ባልደረባ «ልጄ በካርድ ስንቱን ለየ!» ስትል እናት ሰምታ ካርዶቹን ገዛች፤ ከትምህርት ቤት መልስ እንድታሳየው ለቀጮ ሰጠቻት። ድቡሼ ግን ካርድ ሲያይ ፊቱን ያዞራል፤ ሲብስበት ያለቅሳል። እናት «ምነው ልጄ ዘገየብኝ?» እያለች ስትብሰለሰል የቀጮ አንጀት አልቻለም። ሙዙ የመጣው ያኔ ነው።

«እንግዲህ ጨዋታ በቃ!» አለች እናት። «ከነገ ጀምሮ ጠዋትም ማታም ካርድ ነው። ሌላ ሳጥን እጨምርለታለሁ።»

ቀጮ ወንድሟን አየችው። ውሻውን እየላሰ ነው።

«እማ… ሙዝ ነው።»

«ምኑ?»

«ውሻውን አያውቀውም። ሙዝ ስለቀባሁት ነው የሚያነሳው። እንዳትጨነቂ ብዬ…»

እናት ካርዱን ወስዳ አሸተተችው። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። ምንጣፉ ላይ ዘጭ ብላ፣ «ታዲያ ልጄ ምንም አያውቅም ማለት ነው?» አለች።

ድቡሼ ካርዱን ከእጇ ነጥቆ ፊቱን ሸፈነበት።

«ውይ! ድቡሼ የት ጠፋ?» አለች ቀጮ፣ ለምዶባት።

ካርዱን ዝቅ አድርጎ ተንከተከተ። ደግሞ ተሸፈነ። ከዚያ በጎን አጮልቆ እናቱን ያይ ጀመር፤ ተራው የእሷ ነበር።

«ይሄንን ማን አስተማረው?» አለች አክስት።

«ማንም። ካርዱ ሲያስለቅሰው በዚያው እየተሸፈንን እንጫወታለን።»

አክስት በሳቅ ፈረሰች። «ይሄንን ነው ዘገየ የምትዪው? አራት ልጅ አሳድጌያለሁ፤ በዚህ ዕድሜው ውሻ ከወፍ የለየልኝ የለም። አሁን ግን ውሻውን በጩኸቱ ለመለየት ማን ይቀድማቸዋል!»

እናት በረጅሙ ተነፈሰች። «እፎይ! እንቅልፍ አጥቼ ነው የከረምኩት እኮ» አለችና ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ የወፉን ካርድ አንስታ ፊቷን ሸፈነች።

«እማዬስ የት ጠፋች?»

ድቡሼ እየጮኸ በሳቅ ተንከባለለ። ቀጮም ትከሻዋ ቀለላት። የካርዱን ሳጥን ከድና ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ሰቀለችው። የኳሱን ካርድ ግን ለራሷ አስቀርታ ነበር፤ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠችና እሷም ፊቷን ሸፈነች።