ቀይ የሌለው ብርሃን

አምፖል ሠሪው ደሳለ ታንቆ ሲገኝ ፊቱ ወደ አምፖሎቹ ዞሮ ነበር። ላሊበላ ዳር ከአለት የተፈለፈለችው ወርክሾፑ መስኮት የላትም፤ በጠራራ ፀሐይ እንኳ ያለ መብራት የገዛ እጅ አይታይባትም። ሬሳውን ያገኘው መብራት ሊረከብ ከጋሸና የመጣው ነጋዴ ሀቢብ ነው። በስልኩ ቢያበራ፣ የሟቹ አንገት ላይ የሚስቱ የእየሩስ ቀይ ሻሽ ተጠምጥሟል።

እየሩስ በዚያው ቀን ታሰረች። የስድስት ወር ልጇ ጣቢያው በር ላይ በሰው ክንድ ያለቅስ ጀመር።

ኢንስፔክተር ማኅሌት በማግስቱ ስትጠይቃት፣ የእየሩስ ጉንጭ ላይ የአምስት ጣት የጥፊ ምልክት ገና አልጠፋም። ሻሹን ደሳለ ጠዋት ከራሷ ገፎ ለቀለም መለኪያ እንደወሰደው ተናገረች። ያመናት አልነበረም። ባላቸው ከሞተ ወዲህ ከጥቁር ልብስ ያልወጡት አማቷ አልጣሽማ ፍርዱን ጨርሰዋል።

«እሷ ትሰቀል። ልጁን ለኔ ስጪኝ።»

«ልጁ ጡት ይጠባል እኮ፣ እማማ።»

«ፍየል አለኝ።»

የእየሩስ ወንድም ቢሆነኝ ያን ቀን ወርክሾፑን እንዳልረገጠ ማለ። እህቱን ለማስፈታት ግን አንድ ነገር ደጋገመ።

«የታነቀበት ሻሽ ጥቁር ነው፣ ኢንስፔክተር። ቀይረውባት ነው። ጥቁር የሚያስረውን አገር ያውቀዋል።»

«ማን ነገረህ?»

«ሀቢብ።»

ሀቢብ ሲጠየቅ ዓይኑን አፈጠጠ። «እኔ? ወላሂ፣ ቀይ ነው ያልኩት!»

ማኅሌት ወደ ወርክሾፑ ተመልሳ የደሳለን ደብተር ገለጠች። የመጨረሻውን መስመር ሁለቴ አነበበችና አራቱንም እዚያው አስጠራች። እየሩስ በካቴና መጣች።

«ደሳለ የሚሠራው ይህን ነበር፤» አለች ማኅሌት ከአምፖሎቹ አጠገብ ቆማ። «ሰማያዊ ብርሃን እዚህ የክሪስታል ዱቄት ላይ ሲያርፍ ዱቄቱ ሌላ ቀለም ይተፋል። ዩሮፒየም የሚባል ብርቅ ማዕድን በቅንጣት ከተጨመረበት ቀይ ይሰጣል። ሲበዛ ብርሃኑ ይሞቃል፣ ሲቀር ይገረጣል።»

ስድስተኛውን አምፖል አበራች። ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋው ሻሽ ቀይ ነው። አጠፋችና ሰባተኛውን አበራች። ሻሹ እንደ አልጣሽ ቀሚስ ጠቆረ። ሀቢብ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«ደብተሩ ‹ሰባተኛው ያለ ዩሮፒየም፤ ዛሬ ረፋድ ይሞከራል› ይላል። ብርሃኑ ቀይ ከሌለው ቀይ ጨርቅ መልሶ የሚያሳየን ነገር የለውም። ሀቢብ በስልኩ አየው፣ ቀይ። ፖሊሱ ደጅ አውጥቶ አየው፣ ቀይ። ጥቁር አድርጎ ሊያየው የሚችለው ያን ረፋድ እዚህ የነበረ፣ ሲወጣም አምፖሉን ያጠፋ ሰው ብቻ ነው።»

ቢሆነኝ ሻሹን አተኩሮ አየ። ቆይቶ፣ ስድስተኛው ደግሞ እንዲበራለት ለመነ። በራለት። የቀላውን ሻሽ በጣቱ ነካ።

«ጉንጯን ለምን መታህ ልለው ነበር የመጣሁት፤» አለ። «ሳቀብኝ። ‹ቀዩን ጨመር ሳደርገው የጥፊው ምልክት አይታይም፤ ለሷ የሚሆን አምፖል እየሠራሁ ነው› አለኝ። ምስማሩ ላይ ተሰቅሎ ያገኘሁትን ሻሽ ስቤ አነቅኩት። ጥቁር ነበር። የእናቱ መስሎኝ፣ በሳቸው ይመካኝ ብዬ ትቼው ወጣሁ።» ወደ እህቱ ዞረ። «ያንቺ መሆኑን ባውቅ በእጄ አንቀው ነበር።»

ካቴናው ከእህት እጅ ወልቆ ወንድም እጅ ላይ ገባ፤ ብረቱ ገና አልቀዘቀዘም ነበር።

እየሩስ አላለቀሰችም። የተፈታ እጇን ጉንጯ ላይ አሳረፈች።

«ሰባተኛውን ያብሩልኝ፣» አለች።

ማኅሌት አበራችው። በዚያ ቀይ በሌለው ብርሃን አምስቱ ጣቶች ጉንጯ ላይ እንደ ከሰል ጠቁረው ወጡ። እየሩስ ወደ አማቷ ተጠጋች።

«ይዩት፣ እማማ። ልጅዎ የሠራው ነው።»

አልጣሽ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ማኅሌት አምፖሉን አላጠፋችም።