ደህና ነው ባዩ ገንዳ

ሐናን ሻርፗ ትከሻዋ ላይ ወድቆ፣ አንድ እግሯን ጫማ አጥልቃ ሌላውን ረስታ፣ «ጋሽ ኪሩቤልን! ያን የመሰለ ሰው!» እያለች በሩን በርግዳ ስትገባ፣ ያን የመሰለው ሰው ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ ፓፓያ እየበላ ነበር።

«ሐናን» አላት፣ ማንኪያውን እንደ ሕፃን በጭብጡ ይዞ፣ «ሞቼ ነው?»

ሐናን እዚያው በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። እንባዋ ግን አንዴ መንገድ ጀምሯልና መውረዱን አልተወም።

«ታዲያ እትዬ ሄርሜላ ‹ሄደብኝ፣ አለቀልኝ› ስትል በግድግዳው ሰማሁ እኮ! ሚስት ሄደብኝ ካለች ሌላ ማን ይሄዳል?»

«ለባል እንዲህ የሚለቀስ መስሎሽ ነው? የምታለቅሰው ለጃንጥላው ነው።»

«አቦ አትቀልድ! እኔ ደግሞ ኮሪደሩን ሙሉ እየጮህኩ ነው የመጣሁት።» ወደ መስኮቱ ሮጠች። «ያውልህ! ተነሳ!»

ታች ግቢው ውስጥ የእድሩ ድንኳን እየተነሳ ነበር። በዚህ በድሬዳዋ፣ በከዚራ ሰፈር ሕንፃ ሰው ሲሞት ጎረቤት እንጨትና ሸራ ፍለጋ እንዳይንከራተት ተብሎ የተገዛ ድንኳን ነው። በየፎቁ ኮሪደር ጆሮ አለው፤ የለቅሶ ጩኸት ሲሰማ ማንንም ሳይጠይቅ፣ እንደ ግመል ጉልበቱን አንድ በአንድ እየዘረጋ ይቆማል። ቆሞ ካበቃ በኋላ ነው የሚጠይቀው። አሁንም በሩ አጠገብ ካለችው ድምፅ ማጉያ፣ በሐዘን ቃና፣ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ድንኳኑ ይቆይ ወይስ ይታጠፍ?» አለ።

«አሁን ድንኳን ነው የታየኝ!» የሚል ድምፅ ከሳሎኑ ጥግ መጣ። ሄርሜላ ናት፤ ገንዳው ፊት ተንበርክካለች።

ሄርሜላና ኪሩቤል። ዛሬ ልጁን እንዲህ ብሎ የሚሰይም ወላጅ የለም፤ የሽማግሌ ስም ሆኗል። በእነሱ ልጅነት ግን እያንዳንዱ ክፍል ውስጥ አራት አራት ኪሩቤል ይገኝ ነበር አሉ።

ገንዳው የሳሎኑን አንድ ግድግዳ ይይዛል። በዚህ ፎቅ ከየሁለቱ ቤት አንዱ እንዲህ ያለ የጨው ውሃ ገንዳ አለው፤ ሐናንም ለእናቷ ሳንባ የቆመ አላት። በሄርሜላ ገንዳ መሀል የሚኖረው ባልና ሚስቱ «ጃንጥላ» ያሉት ለስላሳ ኮራል ነው። አጥንት የሌለው የባሕር እንስሳ ነው፤ ግንዱ እንደ እንጉዳይ ወፍራም ሆኖ፣ አናቱ ላይ ቁጥር የሌለው ቀጭን ጣት ይዘረጋል፤ ውሃው ሲያልፍበት ጣቱ ሁሉ እንደ ጤፍ ማሳ ይተኛል፣ ይነሳል። ሲያድግ ከኪሩቤል ደም የተወሰደ ዘር ተቀላቅሎበታል። ንጋት ላይ ጠብታ ያወጣል፤ ሰው ጠብታውን «ጠል» ይለዋል። ጠሉ በትንሽ ብርጭቆ ይጠራቀምና ኪሩቤል ይጠጣዋል። ካልጠጣ ግትር የተባለው በሽታ ከጣቱ ይነሳና ወደ ደረቱ ይሄዳል። ግትር ደረት ላይ ከደረሰ ትንፋሽ የለም። የሌላ ሰው ኮራል ጠል ለኪሩቤል ጨው ብቻ ነው።

ዛሬ ጠዋት ጃንጥላው ጣቱን ሁሉ ሰብስቦ፣ ተጨማዶ፣ ላዩ ላይ ሰም የመሰለ ግራጫ ነገር ለብሶ ነው የተገኘው። ሄርሜላ የጮኸችው ያኔ ነው።

«ሞግዚት!» አለች አሁንም። ሞግዚት የገንዳው ጠባቂ ነው፤ እጅ የለውም፣ ድምፅና ዓይን ግን አለው፤ ውሃውን ይለካል፣ ብርሃኑን ያበራል፣ ጠሉን ይቀዳል። «ጃንጥላ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ እንዴት አደሩ?» ድሬዳዋ አንቱታ አታውቅም፤ ሞግዚቱ ግን የተሠራው በሌላ ከተማ ስለሆነ ለድመትም አንቱ ይላል።

«ምኑ ነው ደህና? ተጨማዶ የለም እንዴ!»

«ትንሽ ደከም ብሎት ነው እንጂ ለክፉ አይሰጠውም።»

«ውሃውስ?»

«ውሃውም ደህና ነው። ቤተሰብ ሁሉ ደህና ነው?»

ሄርሜላ ገንዳውን ወደተከለላት ገንዳ ቤት ደወለች። ያነሳችው ልጅም እንደ ሞግዚቱ አንቱ ባይ ናት፤ ድምፅዋ ማር ነው።

«አይዞዎት እናቴ፤ ሞግዚትዎ ደህና ነው ብሎናል።»

«በዓይኔ እያየሁት ነው እኮ የምልሽ!»

«እናቴ፣ በዚህ ሳምንት በመላው ከተማ አንድም የታመመ ኮራል የለንም። ሁሉም ሞግዚቶች ደህና ነው ነው የሚሉት።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም። አዲስ ኮራል ከፈለጉ ደግሞ ይመዘገቡና በሁለት ዓመት ያድግልዎታል። ሌላ የምረዳዎት ነገር አለ?»

ሄርሜላ ስልኩን ዘጋችው። ሁለት ዓመት። ባሏን ዞር ብላ አየችው። ፓፓያውን ጨርሶ ልጣጩን እያየ ነው። የጠሉ ብርጭቆ አጠገቡ አለ።

«ዛሬ ጠሉን ጠጥተሃል?»

«እንዴታ!»

«ይመር ነበር?»

«እንደ ኮሶ!» ፊቱን አጨማደደ። ሁልጊዜ እንዲህ ያጨማድደዋል፤ ሐናን በዚህ ፊት ስቃ አታባራም።

ሄርሜላ ግን አልሳቀችም። ተነስታ ብርጭቆውን አነሳችና ቂጡ ላይ የቀረውን ጠብታ በጣቷ ነክታ ቀመሰችው።

ጨው። ጨው ብቻ።

ደግማ ቀመሰችው። የጃንጥላውን ምሬት ታውቀዋለች፤ አንዴ ብርጭቆውን ስታጥብ ነክቷት ምላሷ ምሳዋን አልቀበልም ብሎ ውሏል። ይሄ የገንዳ ውሃ ነው። ብርጭቆውን በባሏ መዳፍ ላይ አስቀመጠችውና ለቀቀችው። ጣቶቹ አልተጠቀለሉም። ብርጭቆው ተንከባሎ ወለሉ ላይ ወደቀ።

ያኔ ማንኪያውን አየች። በጭብጥ የተያዘውን። ትናንትም፣ ከትናንት ወዲያም እንዲሁ ነበር የያዘው፤ እሷ ደግሞ «ደግሞ ልጅነት ጀመረህ» ብላ አሹፋበታለች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ደህና ነኝ እኮ፣ ሄርሚ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያልኩህ!»

«ውሃ ስጪኝ ባክሽ፣ ፓፓያው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ» አለና ዓይኑን ወደ መስኮቱ አዞረ። ትንፋሹ አጭር ነበር። ይሄንንም አሁን ነው የሰማችው።

ሄርሜላ ከሱ እንደማታገኘው ገባት። ገንዳው ጋ ሄዳ መስታወቱን በሁለት እጇ ያዘችው፤ ያነቀችው ይመስላል።

«ሞግዚት። እንዴት ነው ውሃው?»

«ደህና ነው፣ እግዚአብሔር...»

«ኪሩቤል ይሙት! ኪሩቤል ይሙት እውነቱን ተናገር!»

«ኧረ አንቺ፣ አፍሽን!» አለች ሐናን ደንግጣ። «በዚህ ሰዓት በሰውዬው ትምያለሽ?»

ሞግዚቱ ዝም አለ። በሦስት ዓመት ውስጥ ተጠይቆ ዝም ሲል ይህ የመጀመሪያው ነው። ከዚያ የወትሮው ማባበል በሌለበት ድምፅ፣

«ውሃው ጨው በዝቶበታል» አለ። «በሙቀቱ ውሃው ይተናል፣ ጨው ግን አይተንም። ንጹህ ውሃ የሚተካው ቱቦ አፉ በጨው ቅርፊት ተደፍኗል፣ ከጥምቀት ሰሞን ጀምሮ። ጃንጥላው እየተቃጠለ ነው የተሰበሰበው። ጠሉም ቆሟል። በዚህ ከቀጠለ እስከ ነገ አይደርስም።»

ሄርሜላ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«ምነው ታዲያ ሳትነግረኝ?»

«ነግሬዎት ነበር። ‹ውሃ ትንሽ ቢጨመር አይከፋም ነበር፣ ግን አይቸገሩ› ብዬ። እርስዎም ‹እሺ› ብለው ወደ ገበያ ሄዱ።»

«እንዲህ ነው እንዴ የሚነገረው? አትጮህም?»

«በዚህ ቤት የሚያመውን የሚናገር ሰው ሰምቼ አላውቅም» አለ ሞግዚቱ። «እንግዳ ይመጣል፤ ብላ ሲባል በልቻለሁ ይላል፤ በሞቴ ሲባል ሳህኑን ይጨርሳል። እርስዎ ጉልበትዎን ይዘው እያቃሰቱ፣ ስልክ ሲደወል ደህና ነኝ ይላሉ። ጋሽ ኪሩቤልም ጠሉ በቆመ ቀን ‹እንዳትነግራት፤ ብርጭቆውን ከገንዳው ውሃ ሙላልኝ› አሉኝ። እኔም እንዴት ነህ የሚል ሰው መልስ የሚፈልግ አልመሰለኝም። የሚፈልግ እንደሆነ ይምላል ብዬ ስጠብቅ ነበር።»

ኪሩቤል ልጣጩን ማየቱን ቀጥሏል።

«ምን እናድርግ?» አለች ሄርሜላ።

«ቱቦውን ይንቀሉት። ጨው የሌለበት ውሃ ያስፈልጋል። በአንድ ጊዜ ከተደፋ ግን ሰውነቱ አብጦ ይፈነዳል፤ በጠብታ ነው።»

ሄርሜላ ቱቦውን ነቅላ በሹካ ጫፍ ጨዉን ፈለፈለችው፤ ቅርፊቱ ከአሞሌ የጠነከረ ነበርና ቱቦው አብሮ ተሰነጠቀ። ከኪሩቤል የሆስፒታል ጊዜ የተረፈ የጉሉኮስ ቱቦ ቁም ሣጥን ውስጥ እንዳለ ትዝ አላት። አወጣችው፤ ከመጋረጃው ብረት ላይም አንጠለጠለችው። ከዚያ ኤሲው ሥር በባልዲ የተጠራቀመውን የጠራ ውሃ አንስታ አመጣች።

«ይሄ ይሆናል?»

«በጣም ጥሩ ነው፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ለእኔ ብለው ይህን ያህል...»

ሄርሜላ ባልዲውን ልታዘነብል ስትል እጇ ቆመ።

«በሞቴ?»

«ይገድለዋል» አለ ሞግዚቱ ወዲያው። «ኤሲው ውስጡ መዳብ ነው። መዳብ የነካው ውሃ ለኮራል መርዝ ነው።»

ባልዲው ከእጇ ወድቆ ወለሉን አጥለቀለቀው። ሄርሜላ ውሃው መሀል ቆማ እጇን አናቷ ላይ ጫነች። ለቅሶ ቤት እንደሚደረገው ነበር፤ ግን ድምፅ አላወጣችም።

«የባትሪ ውሃስ?» አለች ሐናን ቀስ ብላ። ባሏ የድሮ ባጃጆችን ለቱሪስት ያከራያል፤ ለአሮጌ ባትሪዎቻቸው የሚጨመረው የተጣራ ውሃ በጀሪካን ቤቷ ተቀምጧል።

ሁለቱም ወደ ገንዳው ዞሩ። «በሞቴ» አለች ሄርሜላ፣ ገና ሳይጠየቅ።

«የባትሪ ውሃ ይሆናል። ይሄን ሳይማልብኝም እላለሁ።»

ሐናን በአንድ ጫማዋ ሮጣ አንድ ጀሪካን ይዛ መጣች። ጠብታው ጀመረ። አንድ ጠብታ ይወርዳል፣ ይጠፋል። ሌላው ይከተላል። ጃንጥላው ከሥሩ እንደ በሽተኛ ተጨብጦ ቆሟል።

ሐናን ለሁለተኛው ጀሪካን ሄደች፣ ግን አልተመለሰችም። በግድግዳው በኩል ድምፅዋ ተሰማ፤ ቤቷ ካለው ገንዳ ጋር ነው የምታወራው። «ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ» ሲላት ተሰማ። «ወላሂ በል!» አለች ሐናን። ደገመችው፤ «ወላሂ በል እልሃለሁ!» ከዚያ የሚሰማው ጀሪካኑ ወደ ራሷ ገንዳ ሲጎተት ብቻ ሆነ።

ሄርሜላ ባሏ አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠች። የደረቁትን ጣቶቹን ወስዳ አንድ በአንድ ማሸት ጀመረች።

«ለምን ደበቅከኝ?»

«ብነግርሽ ምን ልታደርጊ? ታለቅሻለሽ።»

«ይኸው እያለቀስኩ አይደል?»

«እነዚያን ቀናት አተረፍኩልሽ» አለ ኪሩቤል። ትንሽ ቆይቶም፣ «ደግሞ ፊቴን ሳጨማድድ ትስቁ ነበር።»

«በዚያ ቀን ብትነግረኝ አንድ ጆግ ውሃ ነበር የሚበቃው፣ አንተ ሰውዬ! አንድ ጆግ!» ጣቱን ግን አልለቀቀችም።



ፀሐይዋ ከመስኮቱ ስታልፍ የጃንጥላው ግራጫ ሽፋን በአንድ ጠርዝ በኩል ተነሳ። ሄርሜላ ዘላ መስታወቱ ላይ ተለጠፈች። እንዲህ ያለው ኮራል አንዳንዴ አሮጌ ቆዳውን ጥሎ ከሥር አዲስ ሆኖ እንደሚወጣ ታውቃለች። የሞተ ሥጋም እንዲሁ እንደሚላጥ ታውቃለች።

«ሞግዚት፣ ይድናል?»

«ይድናል፣ እግዚአብሔር ያው...» ብሎ ሞግዚቱ አቋረጠ። ሄርሜላ ለመማል አፏን ከፍታ ሳለች ቀደማት። «አላውቅም» አለ። «ማታ ጣት ካወጣ ይድናል። ካላወጣ አይድንም።»

ስታስበው ከዚህ ገንዳ ከሦስት ዓመት ወዲህ የሰማችው ጥሩ ቃል ይሄ ነበር። ግንባሯን መስታወቱ ላይ አሳረፈች።

በሩ አጠገብ ያለችው ድምፅ ማጉያ ጉሮሮዋን ጠረገች። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ። የቤቱ ሰው መልስ አልሰጠንም። ድንኳኑ ይቆይ ወይስ ይታጠፍ?»

ሄርሜላ ዞር ብላ ባሏን አየችው፤ አንገቱን ወንበሩ ላይ አስደግፎ፣ አየሩን በትንሽ በትንሹ ይስባል።

«ኪሩ፣» አለችው፣ «እንዴት ነህ? እኔ ልሙት፣ እውነቱን።»

ኪሩቤል የሚንጠባጠበውን ቱቦ አየ። የተጨበጠውን ጃንጥላ አየ። ከዚያ በመስኮቱ ታች፣ ግቢው ውስጥ እግሮቹን ዘርግቶ የቆመውን ነጭ ድንኳን ለረጅም ጊዜ ተመለከተው።

«እስከ ማታ» አለ፣ «አታሳጥፊው።»