ከዜናው በኋላ የምትቆየዋ

ይህ በእውነት የሆነ ነገር ነው።

ሥራዬ ዜና ማንበብ ስለነበር ምንጭ የሌለው ወሬ አልወድም። የዚህኛው ምንጭ እኔ ራሴ ነኝ። ካላመናችሁ መብታችሁ ነው። ማንንም የማሳመን አቅም የለኝም... ደክሞኛል።

ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት አልፏል። ያለሁት ከጂንካ በላይ ደጋው ላይ፣ ገዘር፣ አባቴ ቤት ውስጥ ነው። ውጭ ጉሙ መሬት ድረስ ወርዷል። መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም፤ የስልኬ ባትሪ ሳያልቅ ልጨርስላችሁ።

አለምነሽ እባላለሁ። ጂንካ ሆኜ በቴሌቪዥን የአሪኛ ዜና አነብ ነበር። የአካባቢያችን ሰዎች መልኬን ታውቁታላችሁ። የቅዳሜ ገበያ ላይ ሴቶች ቆመው ያዩኝና "ናት"፣ "አይደለችም" ይከራከራሉ። "በቴሌቪዥን ግን ወፈር ትያለሽ" ብለው ፊት ለፊት የሚነግሩኝም አሉ። ለምጄዋለሁ።

ስለ ሥራው ትንሽ ልንገራችሁ፣ አለዚያ ቀሪው አይገባችሁም።

የእኛ ዜና ቀጥታ ስርጭት አይደለም። ረፋድ ላይ ጂንካ ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል ገብተን እንቀዳዋለን። ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ሰቅለናል። ከዚያ በኢንተርኔት ወደ ዋናው ጣቢያ ይላክና ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይተላለፋል። እናም እኔ ፀሐይ ቆርቆሮውን እያጋለችው "እንደምን አመሻችሁ" ስል ኖርኩ።

ኮቱ አንድ ነው፣ ሰማያዊ። የጣቢያው ንብረት ነው፤ ምስማር ላይ ተሰቅሎ ይውላል እንጂ ከክፍሉ አይወጣም። ካሜራው ከጠረጴዛው በላይ ብቻ ስለሚያሳይ ከታች ያገኘሁትን ነው የምለብሰው። በጭቃ የተለወሰ ቡትስ አድርጌ ስንቱን የባለሥልጣን መግለጫ አንብቤያለሁ። ካሜራማናችን ሚልክያስ "አንቺ እኮ ከወገብ በታች የለሽም" እያለ ያሾፍብኝ ነበር።

አሁን አያስቀኝም።

አባቴ ኤርጎ ይባላል። እናቴ ካረፈች ወዲህ እዚሁ ገዘር ብቻውን ይኖር ነበር። ጂንካ እንውረድ ስለው አሻፈረኝ አለ። ኮረሪማውን ማን ይጠብቅለት? በዚያ ላይ የጂንካ ሙቀት አይስማማውም። ብቻውን እንዳይሆን ቴሌቪዥንና ዲሽ ገዛሁለት።

ሁልጊዜ ምሽት እኔ "እንደምን አመሻችሁ" ስል እሱ ከመደቡ ላይ ሆኖ ይመልስልኛል። "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ" ይላል፤ ያስላል፤ ከዚያ ዜናውን ያዳምጣል። ጎረቤት ይስቅበታል። እሱ ግን ሰላምታ ሳይመለስ አያድርም ባይ ነው።

በየሳምንቱ መጨረሻ በሚኒባስ እወጣለሁ። ስደርስ ግን አፌ አይከፈትም። ሳምንቱን ሙሉ የሰው ጉዳይ ሳነብ ከርሜ የራሴን የማወራበት ጉልበት አይተርፈኝም። አልጋው ላይ ጋደም እላለሁ፤ እሱ ጋቢውን እግሬ ላይ ጣል ያደርግልኝና ዝም ብሎ አጠገቤ ይቀመጣል። ደስ የሚል ዝምታ ነበር፣ ለእኔ።

አምና ክረምት መግቢያ ላይ እንዲሁ ጋደም ብዬ ሳለሁ...

"እንዳልሽኝ የግፊቱን መድኃኒት ከምግብ በኋላ አደረግሁት" አለኝ።

"መቼ ነው ያልኩህ?"

"ትናንት ነዋ። ከዜናው በኋላ።"

ትናንት አልደወልኩለትም።

"ከዜናው በኋላ?"

"ሌሎቹ ሲሄዱ አንቺ ትቆዪ የለ?" አለና በአገጩ ወደ ቴሌቪዥኑ አመለከተኝ። "እዚያ ስትሆኚ ጥሩ ታወሪያለሽ። ድካም የለብሽም።"

እርጅና ነው ብዬ ሆዴ ባባ። ሰኞ ለሚልክያስ ስነግረው "ቢያንስ አንድ ቋሚ ተመልካች አለሽ" ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

በቀጣዩ ቅዳሜ ግን አብሬው ልመለከት ወሰንኩ። የቅዳሜውን ዜና ዓርብ ስለምንቀዳው እኔ ነፃ ነበርኩ። መደቡ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ፤ ሙዚቃው አለቀ፤ እኔ ስክሪኑ ላይ መጣሁ።

"እንደምን አመሻችሁ።"

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ" አለ አባቴ፣ ስክሪኑን እያየ። ከዚያ ሳል ያዘው።

እኔ ስቀዳ ከሰላምታ በኋላ አላቆምም። ቀጥታ ወደ አርዕስተ ዜና ነው የምገባው፤ ሰዓት ስለሌለን ሚልክያስ በእጁ ያጣድፈኛል።

ስክሪን ላይ ያለችው ግን... ቆመች።

ሳሉ እስኪያልፍለት ጠበቀችው። ሲጨርስ በትንሹ ራሷን ነቀነቀችለትና ማንበብ ጀመረች።

ዜናው ሲያልቅ ወረቀቷን ሰበሰበች፤ የሠራተኞቹ ስም አለፈ፤ ሙዚቃው ቆመ። እሷ አልሄደችም። ቀና አለችና መጀመሪያ አባቴን አየችው።

ከዚያ ዓይኗን ቀስ አድርጋ ወደ እኔ አዞረች።

መብራት ጠፋ። ጨለማው ውስጥ አባቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

"አንቺ ስትኖሪ ታፍራለች" አለኝ በሹክሹክታ።

በነጋታው ወደ ጂንካ ልውሰድህ ብዬ ለመንኩት። የበሩን መቃን ያዘ። ሐሙስ ነው የተባባልነው አለኝ። ከማን ጋር ስለው "ካንቺ ጋር" አለ። ሰፊ ቤት አግኝቻለሁ፣ አይሞቅም አይበርድም ብለሽኛል አለ። እኔ የምኖረው አንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ነው።

አባቴን ታውቁት ቢሆን ኖሮ ከዚያ መቃን ማንም እንደማያላቅቀው ይገባችሁ ነበር። እሺ፣ ሐሙስ እኔው እመጣለሁ አልኩት። ከዚያ እጁን ያዝኩት። የቀኝ እጁ ጠቋሚ ጣት ጥፍር የላትም፤ ድሮ እንሰት ሲቆርጥ ገጀራ ወስዶበታል። ልጅ ሆኜ መንገድ ስንሄድ ያቺን ጣት ነበር የምይዘው።

"እኔ ስሆን እንዲህ አድርጌ ይቺን ጣት እይዛለሁ" አልኩት። "ይቺን ጣት ካልያዘች ማንም ትሁን አትከተላት። እሺ?"

"እሺ።"

ቀለል አለኝ። ይህን ስንነጋገር ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ ነበር። ግን ፊት ለፊታችን ነበር... ያኔ ልብ አላልኩትም።

ሐሙስ ዜናውን በጠዋት ቀድቼ፣ ኮቱን ምስማሩ ላይ ሰቅዬ ወጣሁ። ዝናብ ነበር። ሚኒባሱ ዳገቱ ላይ ጭቃ ያዘው፤ ወርደን ገፋነው። ገዘር ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል።

በሩ ክፍት ነው። አልጋው ተነጥፏል። ከዘራው ጥግ ላይ ቆሟል፤ አባቴ ያለ ከዘራ ደጅ አይወጣም።

ቴሌቪዥኑን በመዳፌ ነካሁት። መብራት ከጠዋት ጀምሮ አልነበረም። ስክሪኑ ይሞቃል።

ሮጬ ወጣሁ። የጎረቤታችን የእማማ አስቻለች በር ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም።

"ምን ረስተሽ ተመለስሽ፣ ልጄ?" አሉኝ።

"አባዬ የታለ?"

"ምን ማለትሽ ነው? አሁን አይደል ይዘሽው የወረድሽው?"

ፊቴን ሲያዩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ጣቱን ይዘሽ... እንደ ልጅ" አሉ። "በዚያ በሰማያዊው ኮትሽ። ሰላም ብዬሽ ራስሽን ነቀነቅሽልኝ።"

"እማማ፣ ከታች ምን ለብሼ ነበር?"

"ከታች?"

"ቀሚስ ነው? ሱሪ ነው? ጫማዬስ?"

ብዙ አሰቡ።

"ጉሙ ነው መሰለኝ" አሉ። "ከታች... አላየሁም።"

ከደጃችን ወደ ገደሉ የሚወርደው መንገድ ጭቃ ነው። የአባቴ ቡትስ ኮቴ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከጎኑ ሌላ ኮቴ የለም። የአባቴም ቢሆን ጥቂት ወርዶ ለጥ ያለው ሜዳ ላይ ይቆማል። አልተመለሰም፣ አልዞረም። እዚያው ቆመ።

ለሚልክያስ ደወልኩ።

"ኮቱ ምስማሩ ላይ አለ?"

"አለ" አለኝ። "ቆይ... አለም፣ ይሄ ነገር ረጥቧል እኮ። ቆርቆሮው ያፈሳል እንዴ?"

ስልኩን ዘጋሁት።

የቤተ ክርስቲያን ወጣቶች ገደሉን አሰሱ። ሚሊሻዎች እስከ ወንዙ ወረዱ። ምንም የለም። ፖሊስ ደግሞ የጠየቀው እኔን ነው፤ የጠየቁት ሰው ሁሉ "ልጁ ወሰደችው፣ በዓይናችን አየናት" አለ። ሚልክያስና የሚኒባሱ ሹፌር መስክረውልኝ ተለቀቅሁ። መንደሩ ግን እስከ ዛሬ ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል። እማማ አስቻለች ብቻ ምግብ ያመጡልኛል፤ እሳቸውም ሰሃኑን አቀብለው እግሬን ያዩታል።

ሥራውን ለቀቅሁ። ክፍሌን ለቅቄ እዚህ ገባሁ። ምናልባት ቢመለስ ቤቱ ባዶ እንዳይሆንበት ብዬ ነው። ኮረሪማውን እለቅማለሁ። ሌላ የአሪኛ አንባቢ ስላልተገኘ በዜናው ሰዓት ዘፈን እየለቀቁ ነው፤ ሚልክያስ ነው የነገረኝ። እማማ አስቻለች ቤትም አይቻለሁ፤ እውነትም ዘፈን ነው።

እዚህ ቤት ግን ዜና ነው።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን በሰማያዊው ኮት ትመጣለች። "እንደምን አመሻችሁ" ትላለች፣ ትጠብቃለች። እኔ አልመልስም። አንድም ቀን መልሼላት አላውቅም። ጠብቃ፣ ጠብቃ ታነባለች። እኔም አላጠፋውም። ለምን እንደማላጠፋው ትጠይቁኝ ይሆናል... አባቴ ይናፍቀኛል። ለመጨረሻ ጊዜ ያየችው እሷ ናት።

ሰኞ ምሽት እንዲሁ ሰላምታዋን አቀረበች። እንዲሁ ዝም አልኩ።

ከጠረጴዛው ጎን፣ ካሜራው ከማይደርስበት በኩል፣ አንድ ሰው መለሰላት።

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ።"

ከዚያ ሳሉ ተሰማ።

ስክሪኑ ላይ ተለጠፍኩ። "አባዬ!" እያልኩ መስታወቱን በሁለት እጄ መታሁት፤ ይሞቅ ነበር። እሷ ዜናውን በእርጋታ አንብባ ጨረሰች፣ ወረቀቷን ሰበሰበች። ሙዚቃው ካቆመ በኋላ ቀና አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ለእኔ ተናገረች፣ በገዛ ድምፄ።

"ደክሞሻል" አለችኝ። "ሐሙስ ይዤልሽ እመጣለሁ። በሩን እንዳትዘጊ።"

ዛሬ ጠዋት በሩን ዘግቼ፣ ከውስጥ ግንድ ደገፍኩበት። እስከ ምሳ ሰዓት ቻልኩ። ከዚያ ግንዱን አነሳሁት፣ በሩንም ከፈትኩት። ምን ላድርግ፣ አባቴ ነው።

አሁን ይህን እየጻፍኩ ሳለ ቴሌቪዥኑ በርቷል። መብራት ግን አልመጣም። ስክሪኑ ላይ ጠረጴዛው አለ፣ ወረቀቶቹ አሉ፣ ብርድ ልብሱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።

ወንበሩ ባዶ ነው።

ውጭ የእማማ አስቻለች ድምፅ ይሰማኛል።

"አለም፣ መቼ ወጣሽ ደግሞ? ቤት ያለሽ መስሎኝ..." ቆም አሉ። "ውይ፣ አቶ ኤርጎ... መጡልን?"

የሚመልስላቸው የለም። ሳል ብቻ ነው፤ እየቀረበ ነው።

ጉሙ በበሩ ገብቷል። በጉሙ ውስጥ አንድ እጅ ወደ ውስጥ ተዘርግቷል፣ መዳፉ ወደ ላይ ነው። ጥፍር የሌላትን ጣት ከዚህ ሆኜ አያታለሁ።

ስልኩን ላስቀምጥ ነው። ልይዘው ነው።