ባለ አራት ቀዳዳ ቁልፍ

«ዓይንሽን ጨፍኚ አልኩሽ። ማጮለቅ የለም።»

መርፌ ዓይኗን ጨፈነች። የእረፍት ሰዓት ነበር፤ ውጭ ዝናብ ስለያዘ ግማሹ ክፍል በመጨረሻው ዴስክ ዙሪያ ተኮልኩሏል። ጠያቂዋ ዴስኩ ላይ ጉብ ብላለች። ይህን የጫካ ጨዋታ ከአክስቷ ልጅ ከተማረች ወዲህ «ነቢይት» የሚል ስም ወጥቶላታል። ጨዋታው ቀላል ነው፤ በሐሳብሽ ጫካ ውስጥ ትሄጃለሽ፣ ያየሽውን ትናገሪያለሽ፣ ነቢይት ደግሞ ትፈታዋለች። ቤቱ ራስሽ ነሽ። ስኒው ፍቅር ነው። ቁልፉ ትምህርት ነው። ፍቺውን አስቀድማ ስለምታውቅ የራሷ ጫካ ምንጊዜም ያማረ ነው፤ ቁልፏ የወርቅ፣ ቤቷ ባለ ፎቅ።

«እሺ፣ እየሄድሽ ነው። መንገድ ላይ ቁልፍ ወድቆ አገኘሽ። ምን ዓይነት ነው?»

መርፌ ትንሽ አሰበች። «ነጭ ነው። ትንሽዬ። አራት ቀዳዳ አለው።»

«አራት ቀዳዳ?» አለ ራዲዮ። ራዲዮ የተባለው አፉ ስለማይዘጋ ነው። «የምን በር ልትከፍቺበት ነው፣ አንቺዬ?»

ነቢይት ወዲያው ገብቷታል። መርፌ ያየችው የበር ቁልፍ ሳይሆን የሸሚዝ ቁልፍ ነው። የመርፌ እናት ልብስ ሰፊ ናቸው፤ እሷና ነቢይት በእናትየው ሱቅ ወለል ላይ ተቀምጠው ቁልፍ በየቀለሙ ሲለዩ ነው ያደጉት። «የልብስ ቁልፍ ማለቷ ነው» ብትል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ግን ሁሉም አፍ አፏን እያያት ነው፤ እንዲህ ሲያዩዋት ደግሞ ደስ ይላታል።

«ቆይ፣ ልፍታው» አለች ድምፅዋን አወፍራ። «ቁልፍ ትምህርት ነው። የሷ ደግሞ አራት ቦታ ተበስቷል። ስለዚህ ከላይ ሲገባ ከታች ይፈስሳል።»

«ወንፊት ናታ!» አለ ራዲዮ።

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። መርፌ ዓይኗን ገለጠች። ራዲዮን አልነበረም ያየችው፤ የምትጨምረው ነገር ይኖር ይሆን ብላ እንደምትጠብቅ ነቢይትን አየቻት። ነቢይት አብራ ሳቀች።

«መርፌ» የሚለውን ስም ልጅቷ ትወደው ነበር፤ ቅጥነቷም የእናቷም ሙያ አለበት። «ወንፊት» ግን እንደ ሙጫ ተጣበቀባት። አባቷ ታመው የሞቱ ጊዜ ብዙ ቀን ከትምህርት ቀርታ ስለነበር በሒሳብ ወደ ኋላ ቀርታለች፤ ስሙም ለዚያ እውነት መሰለ። መምህሩ ወደ ሰሌዳ ሲያስወጧት ከኋላ «ኧረ እያፈሰሰች ነው» የሚል ድምፅ ይሰማል። መጀመሪያ መቀመጫዋን ቀየረች። ቀጥሎ እጅ ማውጣት ተወች። ከዚያ መምጣቱንም ተወችው።

ቅዳሜ ዕለት የነቢይት እናት የታናሽ ወንድሟን ሱሪ ከልብስ ሰፊዋ እንድታመጣ ላከቻት።

«እሱ ራሱ አይሄድም?»

«ጓደኛሽ ዘንድ መሄድ ከመቼ ወዲህ ነው የከበደሽ?»

ነቢይት ጫማዋን አጥልቃ ሄደች።

ሱቋ ውስጥ የስፌት መኪናው ድምፅ ግድግዳውን ያንቀጠቅጣል። መርፌ ጥግ ላይ ተቀምጣ ኮት ላይ ቁልፍ ትሰፋለች። ቀና ብላ አይታት ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

«እሰይ፣ እግር ጣለሽ» አሉ ልብስ ሰፊዋ መኪናውን አቁመው። «እስቲ ይቺን ልጅ ምከሪልኝ። ትምህርት በቃኝ፣ ካንቺ ጋር እሰፋለሁ ትላለች። እኔ ብቻዬን አልቻልኳትም።» ከ«ብቻዬን» በኋላ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት።

«እማ፣ ተይው» አለች መርፌ።

«ምኑን ነው የምተወው? ወንፊት አሉኝ ብላ እኮ ነው! የሰው አፍ ያልፋል ብላት አልሰማ አለች። እኔን የሚያንገበግበኝ ማን እንደጀመረው አለመናገሯ ነው።» ወደ ነቢይት ዞሩ። «መቼም አንቺ አታጪውም። ማን ነው ልጄ?»

ነቢይት ፊቷ እስከ ጆሮዋ ጋለ።

«እሷ አልነበረችም» አለች መርፌ ቀና ሳትል። «ያን ቀን ቀርታ ነበር።»

«እንደሱ በይኛ» አሉ እናትየው። «እሷ ብትኖርማ መች ዝም ትል ነበር።» ሱሪውን አጥፈው በፌስታል ሰጧት። «ለእናትሽ ሰላም በይልኝ።»

«እሺ» አለች ነቢይት።

በሩ ክፍት ነው። ማንም አልያዛትም። ከኋላዋ የስፌት መኪናው መዞር ጀመረ። መርፌ የዋሸችላት አዝናላት ይሁን ወይስ ከእንግዲህ ከሷ ጋር ምንም ጉዳይ ስለሌላት፣ ነቢይት መለየት አልቻለችም። ድሮ ቢሆን መርፌ እንዲህ ያለውን ውሸት ተናግራ በስርቆሽ ትጠቅሳት ነበር። አሁን ዓይኗን ከኮቱ ላይ አላነሳችም።

ነቢይት ደጃፉ ላይ እንደቆመች ዞረች።

«እትዬ፣ ነበርኩ። የጀመርኩትም እኔ ነኝ።»

የመኪናው ጩኸት ቃሏን ዋጠው። ልብስ ሰፊዋ አልሰሙም፤ መርፌ ግን እጇ ኮቱ ላይ ቀጥ አለ። አሁንም መሄድ ይቻል ነበር።

«አቤት? ጠራሽኝ እንዴ ልጄ?» አሉ ልብስ ሰፊዋ፣ እግራቸውን ከመርገጫው ላይ አንስተው።

ሱቁ ጸጥ አለ። ነቢይት ወደ ውስጥ ገባች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋም ደገመችው።