በአረፋ የተበላው መዘውር

በሁለት ሺህ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ የግንቦት ጭጋግ ከመንዝ ሜዳ ሳይነሣ፣ ከመሐል ሜዳ ማዶ ባለች አንዲት መንደር የውሃው ፓምፕ ቆመ፤ ሲፈታም በጥቅምት የተገጠመው፣ እየተሽከረከረ ውሃውን የሚገፋው የነሐስ መዘውር ነቀዝ እንደ በላው ባቄላ ተቦርቡሮ ተገኘ።

ፓምፑን አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጠበቁት መካኒኩ አቶ መልከ ጼዴቅ ወሰኔ ነበሩ፤ ሰዉም ጥሩውን ነሐስ ሸጠው መናኛ ገጥመዋል ብሎ አማቸው፤ የማኅበር ወንድሞቻቸው ሳይቀሩ ጽዋ ሲያቀብሏቸው ዓይናቸውን ማየት ተዉ።

ከአዲስ አበባ ቤተ ሙከራ ባለሙያዋ ጌታነሽ ሽመክት ተላከች። እዚያው መንዝ የራቤል ተወላጅ ናት፤ ያገሯን ሰው አውቃለሁ ስለምትል ይበልጥ ተጠራጠረች፤ ሽማግሌው መካኒክ የተበላውን መዘውር ከእጄ አላወጣም ባሉ ጊዜ ደግሞ ጥርጣሬዋ ጠና።

«ምን ይደብቃሉ?» አለቻቸው።

«የምደብቀው የለኝም። ዳሩ ግን የሚመረምሩት ይኸንኑ ይሁን ሌላ፣ በምን ዐውቃለሁ?»

ስለዚህ ከመጋዘን፣ ማኅተሙ ካልተፈታ ሣጥን፣ ከተበላው ጋር አብሮ የተገዛው መጠባበቂያ መዘውር ወጣ፤ ሁለቱን ይዘው ወደ አዲስ አበባ አብረው ተሳፈሩ።

በቤተ ሙከራው ከየመዘውሩ ያልተበላ ጎን ቁራጭ ተወሰደ፤ ከአስመጪው ጋር በተገባው ውል ላይ የተጻፈው ዓይነት ነሐስም ለማነጻጸሪያ ተጨመረ። እያንዳንዱ ቁራጭ ውሃ ውስጥ ተነከረ፤ ከበላዩ የሚርገበገብ ዘንግ ደቃቅ አረፋ ይፈጥራል፤ አረፋው በፈነዳ ቁጥርም ብረቱን በኢምንት ይፍቀዋል፤ ፓምፑ ውስጥ የደረሰውም ይኸው ነበር። ጌታነሽ በየሰዓቱ እያወጣች ትመዝናለች፤ አቶ መልከ ጼዴቅ ወንበር ስበው ተቀምጠው ዓይናቸውን ከእጇ አይነቅሉም።

በሁለተኛው ቀን ማነጻጸሪያው ነሐስ እምብዛም ሳይጎድል፣ ከታሸገው ሣጥን የወጣው ልክ እንደ ተበላው መዘውር ቁራጭ ተቦረቦረ። ብረቱ ከፋብሪካው የመጣው መናኛ ሆኖ ነበር፤ ማንም አልለወጠውም።

ጌታነሽ ጓንቷን አወለቀች። «አባቴ፣ እኔም ጠርጥሬዎት ነበር፤ ይቅር ይበሉኝ።»

«ልጄ፣ ወረቀት ማን ያነባል? መንደር መጥተሽ ከሰዉ ፊት ተናገሪልኝ» አሏት ሽማግሌው።

እመጣለሁ አለች፤ ሥራ ያዛትና ለመንደሩ ደብዳቤ ላከች።

አስመጪው መዘውሩን ለወጠ፤ ውሃውም እስከ ዛሬ ይወርዳል። በመዝገብ ቤቱ ያለው ሪፖርት የብረቱን ጉድለት እስከ ሚሊግራም ያስታውሳል፤ የአቶ መልከ ጼዴቅን ስም ግን አንድ ቦታ እንኳ አያነሣም። በመንደሩ ስማቸውን የሚያስታውሱ አሉ፤ እነርሱም «ነሐሱን የሸጠው» ይሏቸዋል።