ፔዳሉ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ

«ቀኝ እግሬን ተይው!»

የሻረግ ደነገጠች። የአጎቷን የአቶ ነጋን ግራ እግር አጥባ ጨርሳ፣ ቀኙን ከወለሉ ልታነሳ ስትል ነበር። ቀና ብላ አየቻቸው። በሁለት እጃቸው መደቡን ጨምድደው ይዘው ወደ በሩ ያዳምጣሉ። ውጭ የሰኔ ጉም ከቀትር ጀምሮ ዳንግላን ውጧታል። ምንም ድምፅ የለም።

«ደወሉን ሰማሽው?» አሉ በሹክሹክታ።

«የምን ደወል፣ ጋሼ?»

እግራቸውን መልሰው ወለሉ ላይ ሲጫኑት ብቻ ረጅም ትንፋሽ አወጡ።

አቶ ነጋ ድሬዳዋ ባቡር ነጂ ነበሩ። ታመው ወደ እህታቸው፣ ወደ የሻረግ እናት ወይዘሮ ካሳነሽ ቤት ከመጡ ሦስት ወር ሆኗቸዋል። ቀኝ እግራቸው ሲበሉም፣ ተቀምጠው ሲያንቀላፉም ወለሉን እንደረገጠ ነው። አንዳንድ ቀን የሻረግ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ዓይናቸው ተከፍቶ፣ እሳቸው ግን እንቅልፍ ላይ ሆነው ታገኛቸዋለች። ያን ጊዜ ትፈራቸዋለች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ መፍራቷን ለማንም ተናግራ አታውቅም።

የዚያን ዕለት እናቷ ከገበያ አልተመለሰችም ነበር።

«ደብተርሽን አምጪ፤ የምልሽን ጻፊ» አሏት አጎቷ። ከዚያም ነገሯት። «በአዲሱ የናፍጣ ባቡር ነጂው እግር ሥር ፔዳል አለ። ሁልጊዜ መረገጥ አለበት። ነጂው ቢተኛ ወይም ቢሞት እግሩ ይላላል፤ ደወል ይጮሃል። ደወሉን ሰምቶ ካልረገጠ ባቡሩ በራሱ ፍሬን ይይዛል።»

«ጥሩ ነዋ!»

«ጥሩ ነው። እኔ ግን እግሬ ቢዝል ድንጋይ ጫንሁበት።»

የሻረግ ብዕሯን ከወረቀቱ አነሳች።

ረዳታቸው ጠሃ ሞተሩን ሊያይ ወደ ኋላ ሄዶ ነበር። እሳቸው ዓይናቸው እንደተከፈተ እንቅልፍ ወሰዳቸው። አንዲት ትንሽ ጣቢያ ላይ ቀይ ባንዲራ የያዘው ሰው በመስኮቱ አያቸው፤ ቁጭ ብለው ወደ ፊት ይመለከታሉ። ባንዲራውን አውለበለበ፣ ጮኸ። ባቡሩ አልፎት ሄደ። ከጣቢያው ወዲያ ሦስት ሰዎች ሐዲድ ይጠግኑ ነበር።

«ደወሉ አልጮኸም» አሉ አቶ ነጋ። «ድንጋይ አይተኛም፣ አይሞትም። ስነቃ ባቡሩ ሦስቱን ሰዎች ገድሎ ገና ይሮጥ ነበር። ለመርማሪዎቹ ድንጋዩን ያስቀመጠው ጠሃ ነው አልኋቸው። ይኸው እስር ቤት ከገባ አራት ዓመቱ ነው። ይህን ለሚስቱ ለከዲጃ ጻፊልኝ። የት እንዳለች እነግርሻለሁ።»

ደብዳቤውንም አድራሻውንም ጽፋ ስትጨርስ ፈረሙ። ይህን ሁሉ ሲናገሩ ቀኝ እግራቸው ከወለሉ ተነስቶ ነበር። የሻረግ አይታዋለች፤ እሳቸው አላወቁም።

በማግሥቱ ጠዋት እናቷ ደብዳቤውን አገኘችው። ስትቆጣ እንደ ልማዷ በአዊኛ ጀምራ በአማርኛ ጨረሰች።

«በሽተኛ የቃዠውን ትጽፊያለሽ? ወንድሜን ልታሳስሪው ነው?»

«ፈርመውበታል እኮ፣ እማ።»

ሁለቱም ወደ አቶ ነጋ ዞሩ። «እኔ ምንም አላልሁም» አሉ ግድግዳ ግድግዳውን እያዩ። እግራቸው ወለሉን በኃይል ተጭኗል።

«ሰማሽ? እሳት ውስጥ ጨምሪው» ብላ እናቷ ላሟን ልታልብ ወጣች።

የሻረግ ምድጃው አጠገብ ቆመች። ወረቀቱን ወደ እሳቱ ስታስጠጋው ጠርዙ መሞቅ ጀመረ። ቤቱ ጭር አለ። አንድ የሚጮህ ነገር ያለ መሰላትና ጠበቀች። ምንም አልጮኸም። እሳቱ፣ ከበስተኋላዋ የአጎቷ ትንፋሽ፣ ሌላ ምንም።

ወረቀቱን አጣጥፋ ደብተሯ መካከል ከተተችው።

ፖስታ ቤቱ ትምህርት ቤት መንገድ ላይ ነው። ጸሐፊው ፖስታውን አገላብጦ አየና «የላኪ ስም የለበትም» አላት። «መልስ ቢመጣ ለማን ልስጥ?»

ብዕር ተዋሰችው። የአጎቷን ስም ልትጽፍ ብዕሩን ካስነካች በኋላ ቆመች። ከዚያ የራሷን ስም ከነአባቷ፣ አጥርታ ጻፈች።

«ለእኔ» አለች። «እኔው መጥቼ እወስዳለሁ።»