ምንጩ ያልታወቀው «ርችት»

የመዝገበ ቃላቱ ዋና አዘጋጅ ከካርድ መሳቢያዎቹ ሥር በጀርባቸው ተዘርግተዋል። መሰላሉ አጠገባቸው ወድቋል፤ እጃቸው ሰሞኑን ሲጨነቁበት የሰነበቱትን «ርችት» የሚለውን ካርድ ይዟል። መሰላሉ ከተናጋ ወር ሆኖታል። ዛሬ ነገ አስጠግነዋለሁ ስትል የቆየችው ደግሞ የቢሮው ጸሐፊ፣ የገዛ ልጃቸው ናት። አባቷን የገደለች መስሏት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም፤ ሁለመናዋ ደንዝዟል።

መርማሪዋ የሟቹን ማጅራት ዳብሳ ካርዱን ወሰደችና አነበበች። «‹በወረቀት የተጠቀለለ ባሩድ፤ ሲለኮስ የሚጮኽ። ምንጩ፦ ከነጋዴዎች የድሮ ደብዳቤ።› ምንጩን በቀይ የሰረዘው ማነው?»

«አባዬ» አለች ልጅቷ፤ ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት።

«የጻፈውስ?»

«እኔ ነኝ» አለ ምክትል አዘጋጁ። «ግን ከትናንት ወዲህ እዚህ ክፍል ዝር አላልኩም።»

«እኔም» አለ አራሚው ላቡን እየጠረገ።

መርማሪዋ መሰላሉን አቁማ ወጣችበት። ሲንገዳገድ ልጅቷ ዐይኗን ጨፈነች።

«ካርዱ የነበረበት ቦታ ሰማያዊ ወረቀት ገብቷል። ምንድነው?»

«የቤቱ ደንብ ነው» አለ አራሚው። «ካርድ ያወጣ ሰው በቦታው የራሱን ቀለም ወረቀት ይተካል፤ ቀኑንም ይጽፍበታል። የኔ አረንጓዴ ነው፣ የሷ ቢጫ፣ የጋሼ ነጭ።»

ሰማያዊው የማን እንደሆነ ግን አልተናገረም። መርማሪዋ ወርዳ ሁለቱን ወንዶች ከልጅቷ አጠገብ አስቀመጠቻቸው።

«ሟቹ ቢያወጡት ኖሮ ነጭ ወረቀት አገኝ ነበር። ያገኘሁት ሰማያዊ ነው፤ የተጻፈበትም የዛሬ ቀን ነው። ቀለምዎ ያልተጠራው፣ ዝር አላልኩም ያሉት ምክትል፣ እርስዎ ነዎት ያወጡት። ማጅራታቸውን መቱ፤ የወደቁ ለማስመሰል መሰላሉን ወጥተው ካርዱን መዘዙና እጃቸው ውስጥ አኖሩት። እጅዎ ግን እንደ ልማዱ ሰማያዊ ወረቀትዎን ተካ። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ይባል የለ?»

«ለአንድ ቃል ምንጭ ብሎ ሰው ይገደላል?» አለ አራሚው።

ምክትሉ መሬት መሬቱን እያየ መለሰ። «ደብዳቤ የሚባል ነገር የለም፤ እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ነገ ሊያጋልጠኝ ነበር። ‹አልታወቀም ብለህ ብትጽፍ ምን ነበረበት?› አለኝ። ሃያ ዓመት የሠራሁት ሁሉ ገደል ሊገባ ሆነ።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ። ልጅቷ ከወንበሯ አልተነሳችም።

«መሰላሉን አስጠግኜው ቢሆንስ?» አለች።

መርማሪዋ አጠገቧ ተቀመጠች። «እህቴ፣ አባትሽ መሰላሉን አልወጡትም።»

«አባዬ አልወጣውም?»

«አልወጡትም።»

ያን ጊዜ ልቅሶዋ መጣ።